ከተሰጠው በላይ የሰገደው ባምላኩ

የጓሳ ጠባቂ የነበረው ባምላኩ ድሮ «በትሕትና የሚበልጠኝ ሰው በዚህ አጥቢያ አላየሁም» ይል ነበር። የሚለውም ከልቡ ነው። ዛሬ ይህቺን ቃል ሰው ሲያነሳበት ከሁሉ ቀድሞ የሚስቀው እሱ ነው። ሲስቅ ግን ወገቡን በእጁ ይደግፋል፤ ምክንያቱን እነግራችኋለሁ።

እኛ የመንዝ ሰዎች፣ ብርዱ ነው መሰል፣ ትንሽ ደረቅ እንላለን። ባምላኩ ግን ለእኛም ደረቀብን። ዘመኑን የጨረሰው ሣር በመከልከል ነው። ጓሳ የሚባለው የጋራ መሬታችን ሣር ለዓመታት ተዘግቶ ይከርማል፤ ሽማግሌዎች መክረው «ተከፍቷል» ያሉ ዕለት አገሩ ሁሉ ማጭዱን ስሎ ይወጣል፤ ከዚያች ዕለት በፊት አንዲት እፍኝ ያጨደ ግን በደንቡ ይቀጣል። ቤቴ አፈሰሰ፣ ክዳኔን ነፋስ ወሰደው የሚባል ነገር ባምላኩ ዘንድ አይሠራም። የገዛ ሚስቱን ወንድም፣ ጌጡን፣ ለታመመች እናቱ ቤት ክዳን ሲያጭድ ይዞት ሸክሙን በራሱ ላይ አሸክሞ በገበያ መሀል ነድቶታል። ሴትዮዋ ለባምላኩ አማቱ ናት። «ደንብ ደንብ ነው» አለ። እውነቱን ነው፣ ደንብ ነበር።

ጉልበቱ ሲደክም ዱላውን ለወጣቶች አስረክቦ ወደ ገብሱና ወደ በጎቹ ተመለሰ። ጠባቂነቱን ግን አላስረከበም፤ ይዞት ወደ ሃይማኖት ገባ። ገነትን ሲያስባት ጓሳን ነበር የሚያስባት፤ የተዘጋች፣ ቀኗን የምትጠብቅ፣ ያልለፋ የማይገባባት። በሯ ላይ ቆሞ የሚታየው ደግሞ ቅዱስ ጴጥሮስ አልነበረም። የበግ ጠጉር ባና የደረበ፣ ዱላ የያዘ፣ ባምላኩ በደንብ የሚያውቀው ሰው ነበር።

ጾም የሚጾመው ሁላችንም እንደምንጾመው ነው። ልዩነቱ፣ እሱ መጾሙን ሰው እንዲያውቅለት መፈለጉ ነው። ሰው ቤት ሲጠራ «እኔ እንኳን አልበላም» የምትለዋን ቃል የሚናገራት ገበታው ቀርቦ፣ ተባርኮ፣ ሁሉም እጁን ከዘረጋ በኋላ ነው። ደብረ ብርሃን የምትሠራው ልጁ ጽናት ስልክ ከላከችለት ወዲህ ደግሞ ባሰበት። ሚሞሪው ላይ የሃይማኖት ክርክር አስጫነ። አንዱ «መዳን በጸጋ ነው» ይላል፣ ሌላው «መታዘዝ የሌለበት እምነት ምን ይረባል» ይላል፣ ባምላኩ በጎቹን እየጠበቀ ለሁለቱም ጮክ ብሎ መልስ ይሰጣል። በጎቹ ተከራክረውት ስለማያውቁ ሁልጊዜ ይረታል።

እውነተኛ ተከራካሪ ያገኘው በሰንበቴ ነው፣ እሱም ያው ጌጡ። ጌጡ ጠላ ከቀመሰ ዘፈን የማያቆም፣ ሰው አርሶ ሲጨርስ በሬ ፍለጋ የሚነሳ ሰው ነው። ከገበያው ነገር ወዲህ ሁለቱ የሚነጋገሩት ለክርክር ብቻ ነበር። ይህ ጌጡ አምና በፍልሰታ ከሚስቱ ጋር ንስሐ ገብቶ ቆረበ። ባምላኩ ወሬውን ሲሰማ መጀመሪያ የታዘበው ያቆረቡትን ቄስ ነው።

«እምነት ያለ ሥራ ምንድን ነው?» አለው በሰንበቴው መሀል፣ ዳቦው ሳይቆረስ።

«የሞተ ነው» አለ ጌጡ።

«ታዲያ አንተ ምን ሥራ ይዘህ ቆረብክ?»

ጌጡ ጢሙን አከከ። «በጌታ ቀኝ የተሰቀለው ወንበዴ ስንት ፍልሰታ ጾመ?»

ሰዉ ሳቀ። ባምላኩ ግን እጁን የሚሰጥ ሰው አይደለም። «ጊዜ ቢያገኝ ይጾም ነበር!» አለ።

የሁሉም የነፍስ አባት መምሬ ፈንታ ዋንጫቸውን አስቀመጡ። ብዙ የማይናገሩ፣ የተናገሩትንም የማይደግሙ ሽማግሌ ናቸው። «ባምላኩ» አሉት፣ «ስሰማህ ቆየሁ። ጾምኩ ትላለህ፣ ሰገድኩ ትላለህ፣ ጠበቅኩ ትላለህ። ደግ ነው። እግዚአብሔርስ ምን አደረገ?»

«እሱማ ያያል፣ መምሬ።»

«ብቻ?»

«አይቶ ይፈርዳል።»

«እንግዲያ አምላክህ ማን እንደሆነ እንጃ፤ እግዚአብሔርን ግን ምስክርህ አድርገኸዋል» አሉና ዋንጫቸውን አነሱ። ባምላኩ ቤቱ ገብቶ ይህን ለሚስቱ ለብርነሽ ነገራት፤ የነገራትም መምሬ ፈንታ እርጅና እንደተጫጫናቸው እንድታውቅለት ነበር።

ብርነሽ ግን ከእሱ የምትፈልገው ክርክር አልነበረም። ከባሏ ጋር መቁረብ ትፈልጋለች። ባልና ሚስት የሚቆርቡት አብረው ነው፤ አንዱ ቀርቶ አንዱ አይሆንም። ለዓመታት ለምናዋለች፣ እሱም ለዓመታት «ገና አልበቃሁም» ብሏታል። ላይ ላዩን ሲሰሙት ትሕትና ይመስላል። ብርነሽ አንድ ቀን «መብቃትህን በምን ታውቀዋለህ?» ብትለው «ይታወቀኛል» አላት።

ዘንድሮ ነገሩ ጠበቀ። አንገቷ ላይ የኖረው እንቅርት አድጎ ትንፋሿን ያሳጥራት፣ እህል ሲወርድ ያንቃት ጀመር። ጽናት ደብረ ብርሃን ወስዳ አስመረመረቻት፣ ከፍልሰታ ጾም በኋላ ኦፕራሲዮን ትሁን ተባለ። ብርነሽ እንደተመለሰች ባሏን አስቀምጣ ነገረችው።

«ቢላዋ ሥር ልገባ ነው። እፈራለሁ። ሳልቆርብ ግን አልገባም፣ እወቀው።»

«ብርዬ፣ አንቺማ ብትቆርቢ ያምርብሻል፤ እኔ ነኝ እንጂ፣ እኔ ገና...»

«እኔ፣ እኔ፣ እኔ! ያለ አንተ እንደማይሆንልኝ ታውቃለህ። አልቆርብም ካልክ እኔም ሐኪም ቤት አልሄድም። ለጽናት አንተው ደውለህ ንገራት።»

ባምላኩ ልጁን ይፈራታል። ሚስቱን ደግሞ ይወዳታል። ይህን ለሰው ተናግሮ አያውቅም፣ በእኛ አገር ሽማግሌ እንዲህ ያለ ነገር አይናገርም፤ ግን ከሐኪም ቤት ከተመለሰች ወዲህ በጎቹን አግዶ እንኳ ልቡ ቤት ነበር። «እሺ» አለ።

ፍልሰታ እንደገባ ሁለቱም መምሬ ፈንታ ዘንድ ሄደው ንስሐ ገቡ። ባምላኩ ለዚህች ቀን ሲሰናዳ ነው የኖረው። ኃጢአቱን ከልጅነቱ ጀምሮ በወግ በወጉ ዘረዘረ፣ አንዳንዱንም አሳመረው። መሀል ላይ መምሬን እንቅልፍ ሸለብ ያደረጋቸው መስሎት ድምፁን ከፍ አደረገ። ሲጨርስ «እግዚአብሔር ይፍታህ» አሉና ቀኖናውን ሰጡት፤ ጠዋት ጠዋት ጥቂት ስግደት፣ አንድ ውዳሴ ማርያም፣ ሦስተኛ ደግሞ ጌጡ ቤት ሄዶ ይቅርታ መጠየቅ።

ባምላኩ ሦስተኛውን እንዳልሰማ ሆነ። «መምሬ፣ ይቺ ስግደት ለእኔ ኃጢአት አታንስም?» አለ። ከፍቶት ነበር። ይህን ሁሉ ተናግሮ እንደ ተማሪ ቤት ልጅ በጥቂት ስግደት መሰናበት ክብሩን ነካው።

«ኃጢአትም እንዲተልቅልህ ትፈልጋለህ?» አሉት። «የተሰጠህን አድርግ። አትጨምር፣ አትቀንስ። ከባዱ ሦስተኛው ነው።»

«እሱ ሣር አጭዶ እኔ ይቅርታ ልጠይቅ?»

«አዎን፣ አንተ።»

ይህ ሰው ዕድሜውን በሙሉ ስለ መታዘዝ ሲሰብክ ኖሮ፣ አንድ ቀን ታዘዝ ቢባል ምን ያደረገ ይመስላችኋል? ከጌጡ ደጃፍ ስግደት ይሻላል ብሎ ወሰነ። ሦስተኛውን ተወና የመጀመሪያውን ጨመረ። የክረምቱ ጉም ሳይገፈፍ ይነሳና በዝናቡ፣ በጭቃው፣ ከቤቱ ጀርባ ይሰግዳል። ከጀርባ የሆነው፣ ሰው እንዳያየው ነው። «አቤቱ ማረኝ» የሚልበት ድምፅ ግን ማዶ ያለው ጌጡ ቤት ድረስ ይሰማል፤ እንዲሰማም ሆን ብሎ ወደዚያ ዞሮ ነበር። ጉልበቱ ተላጠ፣ ትከሻው ዛለ፣ እሱ ግን ውስጡ ደስ አለው። አሁንስ ሳልበቃ አልቀርም እያለ ነበር።

መምሬ ፈንታ የቆረጡላቸው ቀን ደረሰ። በፍልሰታ ቅዳሴ የሚገባው ከእኩለ ቀን በኋላ ነውና ብርነሽ ጠዋቱን ነጫጭ ልብሳቸውን ስታወጣ፣ ባምላኩ ለመዝጊያ የሚሆን ስግደት ሊጨምር ወደ ጓሮ ወጣ። ጥቂት ሰገደ። ከዚያ አንድ ጊዜ ወረደና ሳይነሳ ቀረ።

ብርነሽ ፍለጋ መጥታ በግንባሩ ተደፍቶ አገኘችው። በጸሎት የተመሰጠ መስሏት ራቅ ብላ፣ ነጠላዋን አጣፍታ ጠበቀች። ቆየች። ዝናብ ያካፋ ጀመር።

«ባምላኩ?»

«ወገቤን ያዘኝ» አለ ከጭቃው ውስጥ።

ልታነሳው ሞከረች። እንደተነካ የጮኸው ጩኸት በጎቹን በተናቸው። ቀና ማለትም መገላበጥም አልሆነለትም። ብርነሽ ይህን ቦታ ስትተርክ እስከ ዛሬ ሳቅና እንባ ይቀላቀልባታል። «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ይሉ ነበር አባቶች» አለች አንገቷን ይዛ። «ለካ ለእኔ ነው የተረቱት!»

«አየሽ» አላት ባምላኩ። ተደፍቶም ክርክሩን አልተወም። «አልበቃሁም ስልሽ ይኸው። ምልክት ነው። ለከርሞ ተዘጋጅቼ...»

«ጌጡ ቤት ሄድክ?»

ዝም አለ።

«መምሬ አትጨምር አላሉህም?»

ብርነሽ አጠገቡ ጭቃው ላይ ቁጭ አለች፤ ነጩን ቀሚሷን ለብሳ ነበር።

«አንተ እግዚአብሔርን አይደለም የምትፈራው። የምትፈራው ከወንድሜ ጋር እኩል መሆንን ነው። ጌጡ በቆረበበት ጽዋ ከመቁረብ ወገብህን መስበር መረጥክ። እናቴ ዝናብ እየወረደባት ነው የሞተችው፤ አንድ ቀን አንስቼብህ አላውቅም። አሁን ከርሞ ትለኛለህ። ለእኔ ከርሞ እንዳለኝ ማን ነገረህ?» አለችና ተነስታ ሄደች።

ባምላኩ በዚያ ጭቃ ላይ ብቻውን ቀረ። አፈረ። ያፈረው ሰው አየኝ ብሎ አልነበረም፤ የሚያየውም አልነበረም። ብርነሽ ያለችው እውነት ስለሆነ ነው ያፈረው። ለክርክር የሚሆን ጥቅስ ሲፈልግ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድም አልመጣልህ አለው።

ብርነሽ የተመለሰችው ከጌጡና ከቅሬው፣ ከመንደሩ ዕድር፣ ሰዎች ጋር ነው። ቃሬዛ ይዘዋል። ባምላኩ ከተደፋበት የሚታየው የጌጡ እግር ብቻ ነበር።

«ምን ሆንክ አማቼ?»

ባምላኩ ለዚህ ይቅርታ ንግግር ቢያዘጋጅ ኖሮ ደንቡ ትክክል እንደነበር፣ ሰው ቢያዝንም ሕግ መከበር እንዳለበት ይገባበት ነበር። አሁን ግን ትንፋሹ አጭር ነው። «ጌጡ» አለ። «በገበያ መሀል ነዳሁህ። እናትህ ታማ ነበር። ይቅር በለኝ።»

ጌጡ ቶሎ አልመለሰለትም። የጌጡ እግር ጭቃውን ጫር ጫር ሲያደርግ ባምላኩ ያያል። ያቺ ዝምታ ከስግደቱ ሁሉ ከበደችው።

«ይቅር ለእግዚአብሔር» አለ ጌጡ በመጨረሻ። «በል አሁን አፍህን ዝጋ፣ ልናነሳህ ነው፣ ያምሃል።» አነሱት፤ አመመው።

ብርነሽ አጥባ ነጭ ልብስ አለበሰችው፣ ቃሬዛው ላይ አስተኝተው ባናውን ጣል አደረጉበትና ጉዞ ተጀመረ። ቃሬዛ የወጣበትን ምክንያት ግን የመንገድ ሰው አያውቅም። ጉሙ ውስጥ ወሰንየለሽ የምትባል ጎረቤት አገኘቻቸው፣ ቃሬዛውን እንዳየች እጇን ራሷ ላይ ጫነች።

«ማንን አጣን?»

«ባምላኩ ነው» አለ ከተሸካሚዎቹ አንዱ። ተንኮለኛ ነው፤ ሌላ አልጨመረም።

«ወየው! ወየው ባምላኩ! ወየው ማጭድ ነጣቂው! ወየው ጓሳን ሳያሳጭደን የሄደው!» ብላ ደረቷን ትደቃ ጀመር።

ባምላኩ ባናው ሥር ሆኖ ጠበቀ። ይህን ሲናገር ራሱ ያፍራል፤ ግን ጠበቀ። «ጿሚው» ትላለች፣ «ሰጋጁ» ትላለች ብሎ ጠበቀ። ወሰንየለሽ የነጠቃትን ማጭድ ዓይነት መዘርዘር ስትጀምር ተስፋ ቆርጦ ራሱን አወጣ።

«አልሞትኩም!»

«ውይ በሞትኩት! ታዲያ ምን አስተኛህ?»

«ስግደት» አለ።

ተሸካሚዎቹ መያዝ አቃታቸው። ቃሬዛውን መሬት አውርደው ሆዳቸውን እየያዙ ሳቁ፤ ጌጡማ ግንድ ተደግፎ አለቀሰ። ባምላኩ ሊቆጣ አፉን ከፍቶ ነበር። የወጣው ግን ሳቅ ነው፤ ሳቁ ወገቡን ወጋው፣ ሲወጋው ደግሞ የባሰ አሳቀው። ያን ዕለት ነው በራሱ መሳቅ የጀመረው፤ ከዚያ ወዲህ አልተወም።

ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ መምሬ ፈንታ ለቅዳሴ ሊገቡ ሲሉ አገኟቸው። ቃሬዛውን ከዳር እስከ ዳር አዩት።

«ሦስተኛው?»

«ደርሷል፣ መምሬ» አለ ጌጡ።

«ስግደቱስ?»

«ትንሽ ጨመርኩበት» አለ ባምላኩ።

«ይታያል። በምንህ መጣህ?»

በስልኩም፣ በሰንበቴውም፣ በበጎቹ ፊትም ሲከራከርበት የኖረው ጥያቄ ይኸው ነው፤ ሰው እግዚአብሔር ፊት በምኑ ይደርሳል? «ተሸክመውኝ» አለ ባምላኩ።

«በል አስገቡት» አሉና ቀድመው ገቡ። «ደግሞ ባምላኩ፣ የቆረበ ሰው በዕለቱ አይሰግድም። ሥርዓት ነው። ትጠብቀዋለህ?»

«እጠብቃለሁ» አለ፣ ከዚህ በላይ ሊዋረድ እንደማይችል እየተሰማው።

ይችል ነበር። የመቁረቢያው ሰዓት ሲደርስ ቀድመው የሚቀርቡት ሕፃናት ናቸው። ቃሬዛው ደግሞ መተላለፊያውን ዘግቶ ስለነበር ወደ ፊት ገፍተው፣ ከሕፃናቱ ጋር አስቀመጡት። በየእናታቸው ጀርባና ክንድ ያሉት ሕፃናት ከላይ ሆነው ሽበታሙን ሰውዬ በግርምት ያዩታል። አንዷ ልጅ ጋቢውን ይዛ አልለቅ አለች። ባምላኩ ገና ከወጣትነቱ ጀምሮ ለዚህች ሰዓት ያሰበው አካሄድ ነበረው፤ እጁን አመሳቅሎ፣ ዓይኑን ዝቅ አድርጎ፣ ሰው መንገድ እየለቀቀለት። አሁን በጀርባው ተዘርግቶ፣ ከሚያለቅሱት ሕፃናት ቀጥሎ አፉን ከፈተ፣ መምሬ ፈንታም ጎንበስ ብለው አቆረቡት። ዲያቆኑ ደሙን በዕርፈ መስቀል አቀበለው።

ቀጥሎ ብርነሽ ናት፣ አጠገቡ ቆማለች። ባምላኩ ከተኛበት አንገቷ ብቻ ነው የሚታየው። ሥጋውን ተቀበለች፣ ደሙን ተቀበለች፣ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። ከዚያ ያ እንቅርት ወደ ላይ ወጣና ቀጥ አለ። ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። ሰሞኑን ለስላሳ አጥሚት እንኳ እያነቃት ሲመልሳት አይቷል፤ አሁን ሥጋ ወደሙን ቢመልሳት ምን ያህል ከባድ ነገር እንደሚሆን ሁለቱም ያውቃሉ። ዓይኖቿ ፈጠጡ። እጇ ወደ ታች መጥቶ ፈለገው፣ ትከሻውን አግኝቶ ጨበጠው።

ሰዎች ዛሬ በሰንበቴ «ባምላኩ፣ ያን ጊዜ ስለ ጸጋ ምን ተገለጠልህ?» ብለው ያሾፉበታል። «ምን ይገለጥልኛል፣ አንገቷን እያየሁ!» ይላቸዋል። እንደዚያ ነው። ጾሙ ትዝ አላለውም፣ ስግደቱ ትዝ አላለውም፣ መብቃት አለመብቃቱ ትዝ አላለውም። «አውርድላት» ብቻ ነበር የሚለው። «አምላኬ፣ አውርድላት። አንተ አውርድላት።»

ብርነሽ ዋጠች።